ባዕድ ፕሮግራምና ቅጥሩ፦ ከኮሎምበስ የጊዜ ኪራይ እስከ ዛሬው ሳንድቦክስ

 ከኦሃዮ ዋና ከተማ ከኮሎምበስ በስተሰሜን ምዕራብ አፐር አርሊንግተን ትገኛለች፤ በዚያም ኮምፒዩሰርቭ የተባለው ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱን አቁሞ፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች በአንድ ኮምፒውተር ላይ አንዱ የሌላውን ሳይነካ እንዲሠሩ ሲያደርግ ኖሮአል። በዚህ ሐተታ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

ዛሬ አንድ የሶፍትዌር ቤት ሥራውን ለማስፋት አስቦ፣ ሌሎች ሰዎች የጻፉት ተሰኪ ፕሮግራም በእርሱ መድረክ ላይ ገብቶ እንዲሠራ በፈቀደ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ ለዚህ ባዕድ ፕሮግራም ምን ያህል ሥልጣን ይሰጠው የሚለው ነው፤ ወጣቱ ባለሙያም ይህ ጥያቄ ከኢንተርኔት ጋር የተወለደ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከኢንተርኔት ይቀድማል። ባዕዱን በክልሉ የሚወስነው ቅጥር የተሠራው ኮምፒውተር ለማያውቁት ሰው በኪራይ መሰጠት በጀመረበት ዘመን ነው፤ ባለቤቱ ከኮምፒውተር መኪናው ፊት ብቻውን በተቀመጠበት ዘመን ተረሳ፤ ባዕዱ በመረብ በኩል ተመልሶ በመጣ ጊዜ ደግሞ ባለሙያዎች ያንኑ ቅጥር በብዙ ድካምና በብዙ ኪሳራ እንደገና ለመሥራት ተገደዱ።

ኮምፒዩሰርቭ በ1969 በኮሎምበስ ሲቋቋም ጎልደን ዩናይትድ የተባለው የሕይወት መድን ኩባንያ ቅርንጫፍ ነበር። ዓላማውም ሁለት ነው፤ አንደኛው የመድን ኩባንያውን የሒሳብ ሥራ ማከናወን፣ ሁለተኛውም የኮምፒውተሩን ጊዜ ለሌሎች ድርጅቶች በኪራይ መሸጥ። መጀመሪያ ጆን ጎልትዝ፣ ዓመት ሳይሞላም የመድን ኩባንያው መሥራች የሃሪ ጋርድ አማች ጄፍሪ ዊልኪንስ መራው፤ በ1975 ከመድን ኩባንያው ተለይቶ ራሱን ቻለ፤ በ1980ም የግብር ሒሳብ በማዘጋጀት የታወቀው ኤች ኤንድ አር ብሎክ ገዛው። ተከራዩ ድርጅት ኮምፒውተሩን ዐይቶት የማያውቅ ሲሆን፣ በቢሮው ያስቀመጠውን የጽሕፈት ተርሚናል በስልክ መስመር አገናኝቶ ሒሳቡን ይሠራል፤ በዚያችው ደቂቃ ግን በዚያው መኪና ላይ ተፎካካሪው ድርጅት የራሱን ሒሳብ ሊሠራ ይችላል። እንግዲህ የአንዱ ምሥጢር ለሌላው ቢገለጥ፣ ወይም የአንዱ ስሕተት የሌላውን ሥራ ቢያጠፋ፣ ኩባንያው የሚሸጠው ነገር አይኖረውም፤ ቅጥሩ ራሱ ሸቀጡ ነበርና።

ኮምፒዩሰርቭ የተጠቀመበት መኪና ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው የማሳቹሴትስ ኩባንያ የሠራው ፒዲፒ-10 ሲሆን፣ በውስጡ ያለው የጥበቃ ዘዴ እጅግ ቀላል ስለ ነበር በጥቂት ቃል ሊነገር ይችላል። መኪናው የሚሠራበት አኳኋን ሁለት ነው፤ በአንደኛው ሞኒተር የሚባለው አዛዥ ፕሮግራም ሁሉን ለማድረግ ሙሉ ሥልጣን ሲኖረው፣ በሁለተኛው የተከራዩ ፕሮግራም በተወሰነለት ክልል ውስጥ ብቻ ይሠራል። የተከራዩ ፕሮግራም የማስታወሻ አድራሻ በጠራ ቍጥር፣ መኪናው አስቀድሞ አድራሻውን ከክልሉ ወሰን ጋር ያመዛዝናል፤ ከወሰኑ ያላለፈ እንደ ሆነ የክልሉን መነሻ ደምሮበት ወደ እውነተኛው ስፍራ ይመራዋል፤ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ሥራውን አቁሞ ለሞኒተሩ አሳልፎ ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ ከክልሉ ውጭ ያለውን ማየት ተከልክሎአል ከማለት ይልቅ፣ ከክልሉ ውጭ ዓለም መኖሩን የሚናገርበት አድራሻ የለውም ማለት ይቀላል። ፋይል መክፈት ወይም ወረቀት ላይ ማተም የፈለገ ፕሮግራም ሞኒተሩን መለመን አለበት፤ ሞኒተሩም ልመናውን መርምሮ ይፈጽማል ወይም ይነሳል።

የፋይሎቹም ሥርዓት እንደዚሁ ነበር። እያንዳንዱ ፋይል ሦስት አኃዝ ያለው የጥበቃ ቍጥር ይታተምበታል፤ የመጀመሪያው አኃዝ ለባለቤቱ፣ ሁለተኛው በአንድ የሥራ ክፍል ላሉ ባልደረቦቹ፣ ሦስተኛው ለቀረው ሰው ሁሉ ነው። አኃዙ ከ0 እስከ 7 ሲደርስ፣ 7 ምንም አለመፍቀድ፣ 5 ማንበብ፣ 2 መጻፍ፣ 0 የጥበቃ ቍጥሩን ራሱን እስከ መለወጥ የሚደርስ ሥልጣን ነበር፤ ስለዚህም 057 የታተመበት ፋይል ለባለቤቱ ሁሉን ፈቅዶ፣ ለባልደረቦቹ ንባብን ብቻ ሰጥቶ፣ ሌላውን ሰው ፈጽሞ ያስቀራል። ከእነዚህ ሁሉ ብልሃት የሞላበት 6 ነው፤ ይኸውም ፕሮግራሙን ማስኬድን ፈቅዶ ማንበብን የሚከለክል ሲሆን፣ የደከመበትን ፕሮግራም ለሌላ ሊያከራይ የሚፈልግ ሰው አሠራሩን ሳይገልጥ እንዲያከራየው አስችሎታል። የሥራ ክፍሉና የባለቤቱ ቍጥር በነጠላ ሰረዝ ተለይተው በስምንት መሠረት ይጻፉ ስለ ነበር፣ ኮምፒዩሰርቭ በኋላ ለሚሊዮን ደንበኞች በሰጠው በ7 የሚጀምር መለያ ቍጥር ውስጥ 8ና 9 አይገኙም። ያን ቍጥር የኤሌክትሮኒክ ፖስታ አድራሻው አድርጎ የያዘ የ1990ዎቹ ደንበኛ፣ የፒዲፒ-10ን የጥበቃ ሥርዓት ሳያውቀው በስሙ ፈንታ ተሸክሞት ይዞር ነበር።

ይህ ሁሉ በኮሎምበስ የተፈለሰፈ አይደለም። ፈርናንዶ ኮርባቶና ጓደኞቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አንዱን ኮምፒውተር ለብዙ ሰው የሚያካፍለውን ሥርዓት በ1961 አሳይተው ነበር፤ በዚያም ሥርዓት በ1960ዎቹ አጋማሽ ሁለት አስተዳዳሪዎች በአንድ ጊዜ ፋይል ሲያርሙ የሁሉ ሰው የምሥጢር ቃል ከዕለቱ ማስታወቂያ ጋር ተለዋውጦ፣ ወደ ሥራው ለሚገባው ሁሉ በገሃድ ታይቶአል። ከ1965 ጀምሮ የተሠራው መልቲክስ የተባለው ሥርዓት ስለዚህ ጥበቃን ከመሠረቱ አቀደ፤ የሀገራችን ክብ ቤተ ክርስቲያን በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ እንደሚከፈል፣ መልቲክስም ፕሮግራሞቹን በክብ ውስጥ ክብ አድርጎ ከፈላቸው፤ በ1973 የተሠራው የሃኒዌል 6180 መኪናም ስምንት ክቦችን በራሱ ብረት ይጠብቅ ነበር። በውጭኛው ክብ ያለ ፕሮግራም ወደ ውስጠኛው ዘልቆ አይገባም፤ ይሁን እንጂ ምእመኑ መቅደስ ሳይገባ ሥጋ ወደሙን ወጥቶለት እንደሚቀበል፣ የውጭው ፕሮግራም በተወሰነ በር ልመናውን አቅርቦ የሚያስፈልገውን ይቀበላል እንጂ ባዶ እጁን አይመለስም። ቅጥር የሚሠራው ባዕዱን ለማገልገል መሆኑን ይህ ሥርዓት ከሁሉ አስቀድሞ የተረዳ ይመስላል።

የኪራዩ ንግድ በተስፋፋ ጊዜ ሊቃውንቱ ቅጥሩ የሚጠብቀውን ብቻ ሳይሆን የማይጠብቀውንም መመርመር ጀመሩ። በትለር ላምፕሰን በ1973 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ አንድ ደንበኛ የሌላ ሰው ፕሮግራም ተውሶ ሒሳቡን ቢያሠራበት፣ ያ ፕሮግራም የደንበኛውን ምሥጢር ለጻፈው ሰው እንዳያሾልክ ምን ይደረግ ሲል ጠየቀ፤ መንገዱም ፋይልና መልእክት ብቻ እንዳልሆነ፣ ፕሮግራሙ ለባለቤቱ በሚልከው የአገልግሎት ሒሳብ ውስጥ እንኳ ምሥጢር ሊሸሽግ እንደሚችል፣ ሥራውን በማፍጠንና በማዘግየትም ለሚመለከተው ምልክት ሊሰጥ እንደሚችል ገለጠ። በ1975 ደግሞ ጀሮም ሳልዘርና ማይክል ሽሮደር የጥበቃን ቀኖና በስምንት አንቀጽ ደነገጉት፤ ከእነዚህም ውስጥ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አይሰጠው የሚለው፣ ፈቃድ ያልተነገረበት ሁሉ እንደ ተከለከለ ይቈጠር የሚለው፣ እያንዳንዱም ልመና በቀረበ ቍጥር ይመርመር የሚለው እስከ ዛሬ ድረስ የማንኛውም ተሰኪ ሥርዓት አዕማድ ናቸው።

ከዚያ ዘመን የተረፈልን የሚያስተምር ታሪክ ግን በካሊፎርኒያ ታይምሼር በተባለው የጊዜ ኪራይ ኩባንያ የተፈጸመው ነው፤ ኖርም ሃርዲ በ1988 ጽፎታል። በዚያ ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ደንበኞች የሚገለገሉበት፣ በፎርትራን ቋንቋ የተጻፈውን ወደ መኪናው ቋንቋ የሚመልስ ኮምፓይለር የተባለ ፕሮግራም ነበር፤ ኮምፓይለሩም ማን ምን ያህል እንደ ተጠቀመ መዝግቦ የሚያኖርበት ፋይል በራሱ ማኅደር ውስጥ ስለ ነበር፣ በዚያ ማኅደር ውስጥ እንዲጽፍ ፈቃድ ተሰጥቶት ነበር። ደንበኛውም በበኩሉ ተጨማሪ ውጤት የሚጻፍበትን ፋይል ስም ለኮምፓይለሩ መስጠት ይችል ነበር። አንድ ደንበኛ ታዲያ በዚያው ማኅደር የነበረውን፣ የደንበኞች ሁሉ ዕዳ የተመዘገበበትን ፋይል ስም ሰጠው፤ ደንበኛው ራሱ ያን ፋይል መንካት አይችልም ነበር፤ ኮምፓይለሩ ግን ይችላልና፣ ሞኒተሩን ሲለምን ተፈቅዶለት፣ የኩባንያውን የዕዳ መዝገብ አጥፍቶ በላዩ ጻፈበት። ኮምፓይለሩ አልከዳም፤ ሞኒተሩም ሕጉን አልጣሰም፤ ጥፋቱ ሁለት ጌቶች የሚያገለግል ፕሮግራም በማን ሥልጣን እንደሚሠራ መለየት አለመቻሉ ነው። ስለዚህም ሃርዲ የደረሰበት ፍርድ፣ ደንበኛው ባዶ ስም መስጠት ሳይሆን ስሙን ከነሥልጣኑ አብሮ ማስረከብ አለበት፤ የራሱ ያልሆነውንም ማስረከብ አይችልም የሚል ነው።

ወደ ኮሎምበስ ስንመለስ፣ ዊልኪንስና ባልደረቦቹ ነጋዴዎቹ ወደ ቤታቸው በሚገቡበት በማታው ጊዜ መኪኖቻቸው ሥራ ፈተው ማደራቸውን ተመልክተው፣ በ1979 ማይክሮኔት የተባለውን አገልግሎት በራዲዮ ሻክ መደብሮች በኩል ለተራው ሰው አቀረቡ። በስልኩ በአንደኛው ጫፍ ወሰኑና ጥበቃው የተሟላ ፒዲፒ-10 ነበር፤ በሌላው ጫፍ፣ በደንበኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ቅጥር የሚባል ነገር የማያውቅ ትንሽ ኮምፒውተር ተቀምጦአል። በ1981 የወጣው የአይ ቢ ኤም የግል ኮምፒውተርም በኢንቴል 8088 አንጎለ ኮምፒውተር ላይ የተሠራ ስለ ሆነ፣ በውስጡ የሚሮጥ ማንኛውም ፕሮግራም የማስታወሻውን ማናቸውንም ስፍራ ማንበብና መጻፍ ይችል ነበር፤ ኢንቴል በ1982 ባወጣው በ80286 ጥበቃን ቢጨምርም ኤም ኤስ ዶስ የተባለው የኮምፒውተሩ አዛዥ ፕሮግራም አልተገለገለበትም። ይህንንም የመሐንዲሶች ስንፍና ብቻ ነው ማለት ፍትሕ አይሆንም፤ ባለቤቱ ብቻውን በተቀመጠበት መኪና ላይ የሚከለከል ባዕድ አልታያቸውምና።

በዚሁ ጊዜ ከኮሎምበስ አንድ የሚመሰገን ዕቅድ ወጣ። በ1987 በስቲቭ ዊልሃይት መሪነት ኮምፒዩሰርቭ ያወጣው ጂአይኤፍ የተባለው የሥዕል ፋይል፣ ኋላም በ89ኤ ቅጹ፣ ሌሎች ሰዎች የራሳቸውን ተጨማሪ ነገር የሚያኖሩበት ክፍል ነበረው፤ የዚያ ክፍል ሥርዓት በስምንት ፊደል የባለቤቱ ስም፣ በሦስት ፊደል የማረጋገጫ ምልክት፣ ቀጥሎም እያንዳንዱ ከ255 ባይት የማይበልጥና መጠኑ በፊቱ የተነገረ ቍራጭ ነው። ስሙን የማያውቅ ፕሮግራም መጠኑን አንብቦ ዘሎት ያልፋል፤ ሥዕሉም ሳይበላሽ ይታያል። ከዓመታት በኋላ የድረ ገጽ አሳሽ የሚሠራው ኔትስኬፕ ተንቀሳቃሽ ሥዕል እየተመላለሰ እንዲታይ ሲሻ፣ ከኮምፒዩሰርቭ ፈቃድ ሳይለምን በዚያ ክፍል ስሙን ጽፎ ገባበት፤ የቀድሞዎቹም ፕሮግራሞች አልተሰናከሉም። ይህ ክፍል ባዕድ መረጃን እንጂ ባዕድ ትእዛዝን አልተቀበለም፤ ጽናቱም ከዚያ የመጣ ነው።

ያው ኔትስኬፕ በ1996 ባወጣው ሁለተኛ ቅጽ ለተሰኪ ፕሮግራሞች የከፈተው በር ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነበር። ተሰኪው በኮምፒውተሩ ባለቤት ሙሉ ሥልጣን ይሮጣል፤ ሥዕል ለማሳየት የመጣው የባለቤቱን ደብዳቤና የባንክ ሒሳብ ከማንበብ የሚያግደው አልነበረም። ሳን ማይክሮሲስተምስ በ1995 ያወጣው ጃቫ ባዕዱን ፕሮግራም ፋይል እንዳያነብ፣ ከመጣበትም ቤት በቀር ከሌላ እንዳይነጋገር በመከልከል መንገዱን አቃንቶ ነበር፤ ምንም እንኳ በ1996 የፕሪንስተን ተመራማሪዎች ብዙ ቀዳዳ ቢያገኙበት፣ ሐሳቡ የቀና ነበር። ማይክሮሶፍት አክቲቭ ኤክስ ለተባለው የተሰኪ ሥርዓቱ የመረጠው መንገድ ግን ተሰኪውን መወሰን ሳይሆን የጸሐፊውን ፊርማ መጠየቅ ነበር፤ በ1997 የጀርመን የኬኦስ ኮምፒውተር ክለብ አባላት በአክቲቭ ኤክስ የተሠራ ተሰኪ በባለቤቱ የሒሳብ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ የባንክ ክፍያ ትእዛዝ ሲያኖር ባሳዩ ጊዜ፣ ፊርማ ማን እንደ ጻፈው ከመናገር አልፎ ምን ሊያደርግ እንደሚችል እንደማይወስን ሁሉ ተረዳው።

ሳንድቦክስ የሚባለው ዘዴ በዚህ መካከል ከሌላ አቅጣጫ መጣ። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፣ ደንበኞች የራሳቸውን ፕሮግራም በመረጃ ማከማቻ ሥርዓት ውስጥ እንዲሰኩ መፍቀድ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ተመልክተው፣ በ1993 የባዕዱን ፕሮግራም እያንዳንዱን የመጻፍ ትእዛዝ አስቀድመው በማረም ከተወሰነለት ክልል ሊወጣ እንዳይችል አደረጉት፤ በ1969 በብረት ይደረግ የነበረው በሶፍትዌር ተደረገ ማለት ነው። ጉግል በ2008 ክሮም የተባለውን አሳሽ ሲያወጣ እያንዳንዱን ገጽ በሳንድቦክስ ውስጥ አስገባው፤ የቀድሞዎቹ ተሰኪዎች ግን ከሳንድቦክሱ ውጭ ቀሩ፤ ሙሉ ሥልጣን እንዳላቸው ታስበው ተጽፈው ነበርና። እነርሱን አስወግዶ ለመጨረስ እስከ 2015 ቈየ፤ ፋየርፎክስ በ2017 የቀድሞ ተጨማሪዎቹን ሲያስቀር ብዙ ቅን ጸሐፍት የደከሙበት ሥራ ከንቱ ሆነ፤ ፍላሽ የተባለው ተሰኪም በ2020 ማብቂያ ተዘጋ።

በ2017 በአራቱ ታላላቅ አሳሾች የገባው፣ በ2019ም ዓለም አቀፍ መለኪያ የሆነው ዌብአሴምብሊ እነሆ ወደ መጀመሪያው ቀላል ሐሳብ ተመለሰ፦ ተሰኪው መነሻና ወሰን ያለው አንድ የማስታወሻ ክልል ይሰጠዋል፤ ከዚያ ውጭ አድራሻ የለውም፤ አስተናጋጁ በስም ቈጥሮ ካልሰጠው በቀር ሰዓት ማየት እንኳ አይችልም። በ2018 የታወቀው ስፔክተር የተባለው የአንጎለ ኮምፒውተር ጉድለት ደግሞ የሥራን ፍጥነትና ዝግታ በመለካት ምሥጢር ማውጣት እንደሚቻል ሲያሳይ፣ ላምፕሰን ከ45 ዓመት በፊት የጠቈመው መንገድ እስከዚያ ድረስ ክፍት እንደ ነበር ተገለጠ።

ይህ ነገር ከእኛ አንባብያን ሕይወት የራቀ እንዳይመስል፣ በስልኩ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በፈቃዱ የተከለውን የፊደል ሰሌዳ ያስብ፤ ያ ሰሌዳ ተሰኪ ነው፤ ለእናቱ የሚጽፈውን ሰላምታና የባንክ የምሥጢር ቃሉን ሳይለይ እያንዳንዱን ፊደል ያያል። አፕል በ2014 የሌሎችን የፊደል ሰሌዳ ሲቀበል፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር ሰሌዳው ከኢንተርኔት ጋር እንዳይገናኝ አደረገ፤ የምሥጢር ቃል በሚጻፍበት ስፍራም የስልኩ የራሱ ሰሌዳ እንዲተካው ደነገገ። ሰሌዳውን የጻፈው ሰው ደግ ነው ወይስ ክፉ ብሎ አልመረመረም፤ ያየውን የሚያወጣበትን መንገድ ዘጋበት እንጂ።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ፣ ተሰኪ ሥርዓት ሊያቅድ የተነሣ ባለሙያ የሚወርሰው ብዙ ነው። ወሰኑን ከፒዲፒ-10፣ የልመናውን በር ከመልቲክስ፣ የሥልጣንን ልክ ከሳልዘርና ከሽሮደር፣ ሥልጣንን ከስሙ ጋር ማስረከብን ከሃርዲ፣ ያልታወቀውን ዘሎ ማለፍን ከጂአይኤፍ ይወስዳል። የጊዜ አከራዮቹም እያንዳንዱን ሰከንድ የሚቈጥሩት ስለሚሸጡት ነበር፤ የዛሬው አቃጅም ሊቈጥረው ይገባል፤ ማለቂያ በሌለው ዙር የሚሮጥ ተሰኪ ምሥጢር ባይሰርቅ እንኳ የሌላውን ተጠቃሚ ጊዜ ይሰርቃልና። የኪራዩ ንግድ ራሱ ወደ ኮሎምበስ ተመልሶ፣ አማዞን በ2016 ኦሃዮ የተባለውን የኪራይ ኮምፒውተሮች ክልሉን በከተማዋ ዙሪያ ሲከፍት፣ በ2018ም የእያንዳንዱን ተከራይ ሥራ በቅጽበት በሚነሣ ትንሽ ኮምፒውተር መሰል ክልል ውስጥ የሚለየውን ፋየርክራከርን ሲያስተዋውቅ፣ አዲስ ነገር የሆነው ብዛቱና ፍጥነቱ ነው፤ ጥያቄው የ1969 ጥያቄ ነው።

አንዱ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ እርሱም ቅደም ተከተሉ ነው። ከክልከላ ጀምረው ፈቃድን አንድ በአንድ የጨመሩ ሥርዓቶች በጊዜ ብዛት እየሰፉ ሄደዋል፤ ሁሉን ሰጥተው በኋላ ለመንሳት የሞከሩት ግን፣ ሌባውን ሲያስወጡ ቅኑን ሠራተኛም አብረው አስወጡ። ስለዚህ አቃጁ የመጀመሪያው ተሰኪ ሳይጻፍ፣ ገና ማንም ቅር የሚለው ሰው ሳይኖር፣ የማይሰጠውን ይወስን፤ የተሰጠን ሥልጣን ማስመለስ የሚያስከፍለውን ዋጋ ክሮምም ፋየርፎክስም ፍላሽም በየተራቸው ከፍለውታል።